ዓይነ ልቦና

እንጨት ቀራጩ ትሮፊም ልጁን ከቀበረ ወዲህ መዶሻ ጣቱ ላይ ቢያርፍበት እንኳ «እህ» ብሎ አያውቅም። ጣቱን አየት ያደርጋል፣ ደሙን በሱሪው ይጠርጋል፣ ሥራውን ይቀጥላል። የካዝሉን መንደር ሰዎች በመጀመሪያ «ልበ ደንዳና ነው» አሉት፤ ቀጥለው «ጎበዝ ነው፣ ቻለው» አሉት፤ በኋላ ሌላ የሚያሙት ሰው አገኙና ተዉት። እሱ ግን ደንዳናም ጎበዝም እንዳልሆነ ያውቃል። ደንዝዟል፣ በቃ። ያልበሰለ ወይን የበላ ሰው ጥርሱ የዳቦውን ጣዕም እንደማያውቀው፣ እሱም ቀኑን እንዲሁ ያኝከዋል።

ልጁን ሮዞሊንን በአሥራ ሰባት ዓመቷ ንዳድ ነው የወሰዳት። በሞተች በሁለተኛው ወር የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን የቅድስት ማርታን ሐውልት ሥራልን አለው። ማርታ ማለት የሮን ወንዝን ዘንዶ ጠበል ረጭታ አብርዳ፣ በመቀነቷ አስራ፣ እንደ ሙክት ጎትታ ገበያ ያወጣችው ናት፤ በዚያ አገር ምጥም ቢሆን የተሰበረ ድስትም ቢሆን የሚጠራው እሷ ናት። ትሮፊም የጥድ ግንድ አቁሞ ጠረበ። ከፊቷ ሲደርስ እጁ ሌላ ፊት አላውቅም አለው፤ ሮዞሊን ወጣች። ዓይኗን ወደ ዘንዶው ሰበር አድርጋ፣ የዓይኗ ቆብ ወርዶ፣ ከንፈሯ ገጥሞ። አገሩ ሁሉ ትሕትናዋን አደነቀ። ሚስቱ ኖራድ ግን አንዴ ቀና ብላ አየቻትና «እንደ ገነዝናት አድርገህ አቆምካት» ብላው ወጣች። ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቅዳሴ የምትሰማው ሐውልቷ ከማትታይበት ከትልቁ ምሰሶ ጀርባ ተቀምጣ ነው።

ከሁለቱ በቀር ፊቱ የሮዞሊን መሆኑን ልብ ያለ አልነበረም። ማርታ ከፍ ብላ ነው የቆመችው፤ ከአንገቷ በታች የሐር ቀሚስ፣ ከላይ ዓይነ ርግብ አልብሰዋታል፤ የሻማው ጭስም አጥቁሯታል። ከቀሚሷ ሥር የሚወጣውን የዘንዶውን አረንጓዴ ጅራት ግን ካዝሉን ውስጥ ክርስትና የተነሣ ሁሉ ዳሶታል። ቅርፊቱ በልጆች እጅ ብዛት ልሟል።

ትሮፊም በየማለዳው ይገባ ነበር። ሊጸልይ አይደለም። የልጁ ፊት ከራሱ ጠፍቶበታል፤ ዓይኑን ቢጨፍን ባዶ ነው፤ እንጨቱ ላይ ካላየው አይመጣለትም። ገብቶ ያየዋል፣ ምንም አይሰማውም፣ ይወጣል። ያ ፊት የጠፋ ቀን ግን ሮዞሊን ጭራሽ እንዳልነበረች እንደምትሆን ያውቅ ነበር። ከዓለም የቀረው የሚጠብቀው ነገር ያ ብቻ ነው።

ንጉሡ አንገታቸው በተቆረጠ ዓመት፣ ወይራ በሚለቀምበት በኅዳር፣ ሻቦ የሚባል የአዲሱ መንግሥት መልእክተኛ ከከተማ መጣ። ቀድሞ የሰዋስው መምህር ነበር አሉ፤ ጉንፋን የማይለቀው፣ መሐረቡን ከእጁ የማይለይ፣ ቀጭን ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ዘጋ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ ትእዛዙን አነበበ። የቅዱሳኑ ሐውልቶች በሙሉ ይቃጠላሉ። ቤቱ በዘጠኝ ቀን ውስጥ የልቦና ቤተ መቅደስ ይሆናል። ከእንግዲህ ሰው የሚያከብረው ልቦናን ብቻ ነው።

«ልቦና ደግሞ ማን ናት?» አለች የዳቦ ጋጋሪው ባልቴት ሚትሮን። መንደሩ የሆዱን የሚናገረው በእሷ አፍ ነው።

«ሰው ክፉና ደጉን የሚለይባት ናት፣ ዜጋ።»

«እሱንማ በማርታም ጊዜ እንለይ ነበር። ለመሆኑ ምን ትመስላለች?»

ሻቦ ተናፈጠ። በዋናው ከተማ፣ አለ፣ ሰው ዳግመኛ ለድንጋይና ለእንጨት እንዳይሰግድ ብለው ሕያው ልጃገረድ ነው ነጭ አልብሰው መንበሩ ላይ የሚያስቀምጡት፤ እዚህም አንዲት ቆንጆ ትመረጥ። አንዲት እናት እንኳ ልጄን ውሰዱ አላለችም። ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ።

«እኔ ልቀመጥላችኋ» አለች ሚትሮን። ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ መንበሩም የሚችላት አይመስልም። «ክፉና ደግ መለየት ከሆነ አውቅበታለሁ። አንተን ገና ከበቅሎህ ሳትወርድ ነው የለየሁህ።»

ሕዝቡ ሳቀ። ሻቦ አልሳቀም፤ ግን ስሟን የተጠርጣሪዎች መዝገብ ላይ አልጻፈም። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን ሰው ደግ ነው ይሉት ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ትሮፊም ወደ ካህኑ ቤት ሄደ። ካህኑ ሸሽተዋል፤ ሻቦ በካህኑ ወንበር ተቀምጦ የካህኑን ሽንብራ እየበላ ነው።

«ልትለምነኝ ከሆነ የመጣኸው ዜጋ ትሮፊም፣ መቶ ባልቴት ቀድማሃለች። ጆሮዬ ሞልቷል።»

«ልለምን አይደለም። ልቦናን ማን ይሠራልሃል?»

ሻቦ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ማንም። በስምንት ቀን ማን ይሠራል? ቀለም ቀብቼ ሰሌዳ ላይ ልጽፋት ነው መሰለኝ።»

«ምን እንደምትመስል ታውቃለህ?»

እዚህ ላይ የሻቦ ፊት በራ። መምህርነቱ መጣበት። ከሻንጣው ጠርዙ የተበላ አሮጌ መጽሐፍ አወጣ፤ ሠዓሊዎች ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የሚገለብጡት ዓይነት ነው፤ የማይታየው ነገር ሁሉ ሰው ሆኖ ተስሎበታል። ፍትሕ ሚዛን ይዛለች፣ ቅናት የራሷን ልብ ትበላለች፣ ስንፍና አህያ ላይ ተኝታለች። ሻቦ ምራቁን ጣቱ ላይ እያደረገ ገለጠና ልቦና ጋ ደረሰ። የብረት ጥሩር የለበሰች ሴት፤ ራሷ ላይ ቁር፣ በቀኝ እጇ ሰይፍ፤ በግራዋ አንድ አውሬ በልጓም ይዛለች።

«ይሄ ምንድን ነው? ውሻ?»

«አንበሳ ነው ባክህ። ስሜት ነው እሱ፤ ቁጣው፣ ፍርሃቱ፣ ሐዘኑ። ልቦና ልጓም አግብታበት ትይዘዋለች።»

ትሮፊም አንበሳውን አየው። እሱ ውስጥ ያለው አንበሳ ልጓም ከገባለት ስንት ዓመቱ። ነገሩ ግን አላስገረመውም፣ አላሳቀውምም።

«ሌላ ሴት አትፈልግ» አለ። «ማርታም የያዘችው ይኸንኑ ነው። ሴትየዋ አለች፣ ገመዱ አለ፣ አውሬው አለ። ለዘንዶው ጆሮና ጎፈር ካወጣሁለት አንበሳ ነው። የጠበሉን ባልዲ ከእጇ አውርጄ ሰይፍ አስይዛታለሁ። ቁሩ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።»

ሻቦ መጀመሪያ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ እስኪያስነጥሰው ሳቀ። «አንተ ሰውዬ ለካ ተንኮለኛ ኖረሃል።» ከዚያ ድንገት ፊቱ ጠቆረ። «ማርታ መሆኗን ካወቁ ግን ይሰግዱላታል። ያን ቀን የእኔም አንገት የአንተም አንገት አብሮ ነው የሚሄደው። ማርታ ስትቃጠል ማየት አለባቸው።»

«የሚቃጠል ግንድ አለኝ። ቀሚሷን አለብሰዋለሁ።»

«እሳቱን የምትለኩሰው አንተ ነህ። የሠራት ሲያቃጥላት ያየ ሰው አይጠረጥርም።»

«እለኩሳለሁ።»

ሻቦ መጽሐፉን ሊዘጋ ሲል ተመልሶ አየው። «አንድ ነገር ቀረ። ዓይኗ። ያቺ ሴትዮህ መሬት መሬት ነው የምታየው። ልቦና እንደሱ አታይም፤ ተመልከት፣ ፊት ለፊት ነው። ዓይኗን ክፈተው።»

ትሮፊም ሥዕሉን ትቶ ወለሉን አየ።

«ካልከፈትከው ግንዱ ይቅርና እሷው ትግባ እሳቱ ውስጥ። ዓይኗን የጨፈነች ልቦና ይዤ አለቆቼ ፊት አልቆምም።»

«እሺ» አለ ትሮፊም። የዓይን ቆብ ምን ያህል እንደሆነ በልቡ ለካው፤ ከአንድ ጣት ውፍረት አይበልጥም። ከምትጠፋ ትጉደል ብሎ ወሰነ።

በሦስተኛው ቀን አደባባዩ ላይ እሳት ተነሣ። ትሮፊም ከጓሮው በውርጭ የደረቀ የወይራ ግንድ ነቅሎ፣ አንገትና ትከሻ አውጥቶለት፣ የማርታን የሐር ቀሚስ አልብሶ፣ ዓይነ ርግቡን ደፍቶበት ነበር። ሌሎቹን ቅዱሳን ከሥሯ ከመሩ። ከሻቦ ጋር የመጡት ወታደሮች ሕዝቡን ሠላሳ እርምጃ አርቀው ያዙት። ሚትሮን መሬት ላይ ተቀምጣ ጸጉሯን ትነጫለች፤ አፏ ያኔ ብቻ ነው ቀልድ ያጣው። ትሮፊም ችቦውን ይዞ ሄደ፣ ለኮሰ፣ ተመለሰ። ሴቶቹ በመንገዱ ላይ ተፉበት፤ ምራቁ ጉንጩ ላይ ሲወርድ አልጠረገውም። ወይራ ሲነድ ጢሱ ያውዳል፤ «ሽታዋን አሽትቱ፣ ቅድስት ናት እኮ» ተባባሉ። ወታደሮቹ ሲሄዱ ሁሉም በሽርጡና በቆቡ ከሰሉን ለቀመ። በማግሥቱ ካዝሉን ውስጥ የማርታ ከሰል በጨርቅ ቋጥሮ ያላስቀመጠ ቤት አልነበረም።

ትሮፊም በተዘጋው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻውን ሠራ። ባልዲውን አወረደ፣ ሰይፉን አስያዘ፣ ጥሩሩን ጠረበ፣ ቁሩን ገጠመ። ዘንዶው ጎፈር አበቀለ። የዘንዶውን ቅርፊት ለመፋቅ ጊዜ ስላልነበረው በወፍራም ኖራ ለሰነው። በመጨረሻ የቀረው ዓይኑ ነበር። ትንሿን መሮ ይዞ አንድ ሰዓት ያህል ቆመ፤ ከዚያ ቆቡን ቆረጠው። ፍቅፋቂው እጁ ላይ ወደቀ፤ እፍ አለው። አንገቷ እንደ ድሮው ደፋ ያለ ስለሆነ፣ የተከፈተው ዓይን ከቅንድቧ ሥር ቀና ብሎ የሚያይ ሆነ።

እንደ እብነ በረድ እንድትመስል መላ አካሏን ኖራ ቀባ። ሻቦ ነጭ ዓይን ነበር የፈለገው፤ ትሮፊም «ዕውር ልቦና ነው የምትፈልገው?» ሲለው ሳቀና ቀለም ፈቀደ። ትሮፊም ብሩሹን አነሣ። እዚያ ላይ ቆመ። የልጁ ዓይን ምን ዓይነት እንደነበር አላወቀም። ጥቁር? አረንጓዴ? አሥራ ሰባት ዓመት ያየውን፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በየማለዳው የተሳለመውን ፊት፣ ዓይኑን አያውቀውም። ማፈር እንዳለበት ገባው፤ እፍረቱ ግን አልመጣም።

ወደ ቤት ሄደ። ኖራድ ወይራውን በማሰሮ ጨው ውስጥ እየከተተች ነበር።

«ኖራድ፣ ዓይኗ ምን ዓይነት ነበር?»

የማንን ብላ አልጠየቀችም። እጇ ጨው ውስጥ እንዳለ ቆየ። «አታውቀውም?»

«ጠፋኝ።»

ኖራድ እጇን ታጠበች፣ ነጠላ ሻሏን አነሣች፣ ፊት ፊት ሄደች። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ከምሰሶው ጀርባ ወጥታ ሐውልቷ ፊት ቆመች። ረጅም ጊዜ አየቻት። ትሮፊም ብሩሹን እንደያዘ ጠበቀ።

«ቡናማ ነው» አለች። «ጠቆር ያለ። በአንዱ ላይ፣ ከታች በኩል፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ቢጫ አለችበት።»

«በየትኛው?»

«በግራው።»

ቀባው። ቢጫዋን በብሩሹ ጫፍ ነጥብ አድርጎ አስቀመጣት። ኖራድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለችና እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ድስቱን የሰበረች ቀን» አለች። «ልክ እንዲህ ነበር ያየችኝ። ልትስቅ ስትል።»

ትሮፊምም አየ። ያየው ነጭ የተቀባች፣ ቁር የደፋች፣ የማያውቃት ሴት ናት። የሚያውቀው ፊት የተዘጋው ነበር፤ እሱን ቆርጦ ጥሎታል። ለሚስቱ ልጇን ሰጥቶ የራሱን እንዳጣ ገባው። ይህም አላመመውም።

በዘጠነኛው ቀን በሮቹ ተከፈቱ። ከበሮ ተመታ፣ ሻቦ እያስነጠሰ ንግግር አደረገ። ሕዝቡ ሲገባ እጁን ደረቁ የጠበል ገንዳ ውስጥ ይነክራል፣ ማማተብ ይጀምራል፣ ትዝ ሲለው ራሱን ያክካል።

«ይቺ ደግሞ ምን አፍጥጣ ታየኛለች?» አለች ሚትሮን ጎረቤቷን። «ማርታዬ እንደሆነች ዓይኗን ሰብራ ነበር የምትሰማን። ይቺ ተበዳሪዎቿ ያደረገችን ነው የሚመስለው።»

ኖራድ ግን ከፊተኛው አግዳሚ ተቀመጠች። በየአሥር ቀኑ በሚመጣው አዲሱ ሰንበት ሁሉ መጣች፤ በመሀል ባለው ቀንም መጣች። ሻቦ ለአለቆቹ ሲጽፍ በካዝሉን ልቦናን እንደ ዜጋ ኖራድ ያፈቀረ የለም አለ። መንደሩም ይህን ሰማ። ሚትሮን ሰላምታ ነፈገቻት፤ ዳቦም ስትሸጥላት የተቃጠለውን ትሰጣት ጀመር። ኖራድ የተቃጠለውን ዳቦ ይዛ ትመጣለች፤ አንዳንዴ ብቻዋን ፈገግ ትላለች። ትሮፊም ያን ፈገግታ ያያል፤ እንደ ሰው ቤት መብራት ከሩቅ ያየዋል።

በሰኔ ሻቦን ራሱን በጋሪ ወሰዱት፤ በምን እንደከሰሱት በካዝሉን የሚያውቅ አልነበረም። መሐረቡን ሳይዝ ነው የሄደው። ከተማው ልቦናን ተወት አድርጎ ሌላ ነገር ማክበር ጀመረ፤ ከዚያ እሱንም ተወው። ቤቱ የድርቆሽ ማከማቻ ሆነ። ልቦናን አውርዱ ያለ ስላልነበረ እንደቆመች ቀረች፤ ኖራድም ድርቆሹን ገለል እያደረገች ትገባ ነበር።

በሚቀጥለው ሚያዝያ ካህናት ተመለሱ፤ በሐምሌ የማርታ ዕለት ደረሰ። መንደሩ አንድ ነገር ተስማማ፤ ማርታ በነደደችበት አደባባይ፣ በማርታ ቀን፣ ልቦና ትነድዳለች። አዲሱ ቄስ ያን ቀን ታምመው ተኝተው ነበር፤ ወይም ታምሜያለሁ ብለዋል።

ትሮፊም ሲደርስ ስድስት ወንዶች ሐውልቷን ተሸክመው ከደጃፉ እየወጡ ነው። መንገዱ ላይ ቆመ።

«አስቀምጧት። ይቺ ማርታ ናት።»

ወንዶቹ ቆሙ። ሚትሮን ወደ ፊት መጣች። «ምን አልክ አያ ትሮፊም?»

«ማርታ ናት አልኩ። ልቦና ያደረኳት እኔ ነኝ። ያኔ የተቃጠለው የጓሮዬ ወይራ ነው።»

«ተው እንጂ። የለኮስከው ማን ነበር?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ወይ ያኔ ዋሽተኸናል፣ ወይ አሁን እየዋሸኸን ነው። የቱን እንመን?» ከብብቷ አንዲት የጨርቅ ቋጠሮ አወጣች። «ይቺ ወይራ ናት ነው የምትለኝ? የእህቴን ልጅ ትናንትና ከንዳድ ያዳነችው? ሦስት ሌሊት ደረቱ ላይ አስሬያት ነው ያላበው። የጓሮህ ግንድ ነው ያዳነው?»

ትሮፊም ብዙ ሊል ነበር የመጣው። ንዳድ የሚለውን ሲሰማ አፉ ተያዘ። አንድ ሰው «ያንተማ ሚስት ልቦና ልቦና ስትል ነው የከረመችው» አለው። ገፉት፤ ወደ ጎን ሄደ።

ኖራድ ከሐውልቷ አጠገብ ትራመድ ነበር። አልጮኸችም፣ አልለመነችም። ሐውልቷን የእንጨት ክምር ላይ ሲያቆሙ ብቻ «ፊቷን ወደ እኔ አዙሩልኝ» አለች። ጥቂቶቹ ሳቁ። አንዱ ግን፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ አዞረላት።

እሳቱ ተያያዘ። ጥድ ነው፤ ፈጥኖ ይነድዳል፤ ሽታውም ትሮፊም ልጁ በሞተችበት ክረምት ቀን ከሌሊት ሲጠርብ የነበረበት ቤት ሽታ ነው። ሙቀቱ ኖራውን አላቀቀው፤ እየተፈረካከሰ መውደቅ ጀመረ። መጀመሪያ ከሰይፉ፣ ከጥሩሩ፣ ከዚያ ከአንበሳው ጀርባ። ከነጩ ሥር አረንጓዴ ወጣ። ቅርፊት። በልጆች እጅ የላመው፣ ክርስትና የተነሣ ሁሉ የዳሰሰው ጅራት፣ እሳቱ ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ታየ።

ወንዶቹ ቆባቸውን አወለቁ፤ ሊያጠፉት ውኃ የሮጠም ነበር፤ ጕድጓዱ ሩቅ ነው። ትሮፊም እጁን ወደ ፊቷ ዘረጋ፤ እሳቱ ውስጥ ከተተው፤ ሁለት ሰው ከኋላ ጎትቶ አወጣው። እጁ ቀልቶ ቆዳው ተነሥቷል። አየት አደረገውና ሱሪው ላይ ጠረገው። ከቁሩ ሥር ሁለቱ ዓይኖች እስከ መጨረሻው ክፍት ነበሩ።

በማግሥቱ ጠዋት ሚትሮን መጣች። እጇ ላይ ያልተቃጠለ ዳቦ ነበር። ትሮፊም ከመሥሪያ ገበታው ጋ ተቀምጧል፤ ኖራድ ከማዕድ ቤቱ በር ላይ ወይራ ዘይት በሳህን እያደረገች ነው። ሚትሮን ሳትጋበዝ ተቀመጠች።

«ጅራቱን አየሁት» አለች።

«አዎ።»

«መንደሩ ምንም አላየንም እያለ ነው። ከትናንት ጀምሮ ሁሉም ጢሱ ዓይኔን ይዞት ነበር ነው የሚለው።» ቋጠሮዋን አወጣችና ገበታው ላይ አኖረችው። «ይቺን ምን ላድርጋት? ልጁ እኮ ድኗል፣ አያ ትሮፊም።»

ትሮፊም ከሰሉን አየው። የራሱ ወይራ ነው፤ አያቱ የተከሉት። «ልጁ ከዳነ ያዢያት» አለ።

ሚትሮን አለቀሰች፤ በቀሚሷ ተናፈጠች። ከዚያ የመጣችበትን ተናገረች። «አዲስ ማርታ ሥራልን። እንጨቱን መንደሩ ያመጣል። ልክ እንደ ድሮዋ፤ ዓይኗን ሰበር አድርጋ።»

«አልችልም።»

«ተቀይመኸን ነው። እውነትህን ነው።»

«ቅያሜ አይደለም።» ዓይኑን ጨፈነ። ባዶውን ጠበቀ፤ ለሃያ አንድ ዓመት ያየውን ባዶ። ባዶው አልመጣም። «ዓይኗ ክፍት ነው» አለ። «የተዘጋውን ፈልጌ አጣሁት።»

«የማን ዓይን?»

«የሮዞሊን። የልጄ። ቡናማ ነው። በግራው ላይ ከታች ቢጫ አለችበት።» ድምፁ እንግዳ ሆነበት። «ልትስቅ ስትል እሱ ነው ቀድሞ የሚጠብበው። ግራው። እናቴ ልትቆጣኝ ነው ብላ ስትፈራም እንዲያው ነው። ከዚህ ገበታ ሥር ገብታ ፍቅፋቂ ጸጉሯ ላይ ታደርግና፣ አባዬ ሸመገልኩ ትለኝ ነበር።»

ኖራድ ሳህኑን ይዛ መጣች። «ይኼን እኔ አልነገርኩህም» አለች።

«አልነገርሽኝም።»

ሚትሮን ነገሩ ገባት፤ ከሰሏን አንሥታ፣ ዳቦውን ትታ፣ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች። ኖራድ ከባሏ አጠገብ ተንበረከከች። ትናንት ሲያስሩለት እንኳ ያላየውን እጅ ከጨርቁ ፈታችና ዘይቱን በላባ ቀባችው።

ትሮፊም ትንፋሹን ሳበ፤ እጁንም ሳበ።

«እህ» አለ።

ኖራድ ቀና ብላ አየችው። «ያምሃል?»

«ያማል» አላት።